በግራ እጁ የቆለፈው ሰው

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጫኝ አውራጆቹ ቡሬ ያለውን የአቶ ዘሩን የእህል መጋዘን ጓጉንቸር በትርፍ ቁልፍ ከፍተው በሩን ሲገፉት እምቢ አላቸው። ሦስት ሆነው ትከሻቸውን ሰጡት። በሩ ትንሽ ገርበብ ሲል በመጀመሪያ የወጣው እንደተበላሸ ነጭ ሽንኩርት የሚሸት አየር ነበር፤ ቀጥሎ የታያቸው የሰው ክንድ ነው።

የመጋዘኑ ኃላፊ ስመኘው የበሩ ደፍ ላይ በደረቱ ተደፍቶ ነበር። ዕድሜው ሃያ ሰባት ነው። ጆንያ መጎተቻውን መንጠቆ በእጁ እንደያዘ ነው የሞተው። በበሩ ሥር ያለውን አፈር ቆፍሮ ቆፍሮ ሲሚንቶው ላይ ሲደርስ መንጠቆው ታጥፏል።

ኢንስፔክተር ንግሥቴ ከፍኖተ ሰላም በሦስት ሰዓት ደረሰች። በዞኑ ፖሊስ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርታለች፤ ብዙ ሬሳ አይታለች። ያን የተቆፈረ አፈር ግን ቁጢጥ ብላ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ቅዳሜ ቀትር ላይ የነቀዝ መድኃኒት አስገብተዋል» አላት ሳጅን ክንፈሚካኤል። የቡሬው መርማሪ ነው፤ ወጣት፣ ፈጣን፣ በሥራው የሚኮራ። «ክኒኑ አየር ሲነካው ጋዝ ይሆናል። እስከ ሰኞ ጠዋት ሰው አይገባም። ከውጭ የቆለፈበት አለ።»

«የራሱ ቁልፍስ?»

«ኪሱ ውስጥ ነው። ጓጉንቸሩ በውጭ በኩል ስለሆነ ምን ያደርግለታል? ስልኩ ቢሮ ውስጥ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ነው የተገኘው።»

ከቁልፉ ጋር ከሸሚዙ ኪስ አንድ እፍኝ በቆሎ ወጣ። ንግሥቴ መዳፏ ላይ ዘረገፈችው። ተራ በቆሎ ነው፤ ግን የአንዳንዱ ፍሬ አፍንጫ ላይ ታጥቦ ያልለቀቀ ቀይ ነገር ነበረበት። በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ኢንስፔክተር፣ ገዳዩን አግኝቸዋለሁ» አለ ክንፈሚካኤል ስልኩን እያወጣ።

ግቢው ውስጥ የአቶ ዘሩ አይሱዙ ቅዳሜ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ጀርባዋን ለመጋዘኑ፣ ፊቷን ለውጭው በር ሰጥታ ቆማ ነበር። ሾፌሩ ሃይለ ሚካኤል ጋቢናዋ ውስጥ ካሜራ ያለው ስፖኪዮ አስገጥሟል፤ አንድ ዓይን ፊት ለፊት፣ ሌላ ዓይን ከጭነት ሳጥኑ ኋላ። ሞተር ቢጠፋም ከባትሪ እየሳበ ይቀዳል። ክንፈሚካኤል ካሜራውን ገና ሲያየው ነው ፊልሙን የጠየቀው። ሾፌሩም በስልኩ ላከለት።

ሰዓቱ በሀገር አቆጣጠር ሰባት ከአርባ ይላል። ጋቢ ተከናንቦ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቶ ይመጣል። ሁለቱን የቆርቆሮ መዝጊያዎች ስቦ ይገጥማል። ጓጉንቸሩን በግራ እጁ ያስገባና ይጫነዋል። ጥቂት ራመድ ይላል። ከዚያ በሩ ይነቃነቃል።

ሰውየው ተመለሰ። የግራ መዳፉን በሩ ላይ አድርጎ ቆመ። በሩ ከሥሩ ይንቀጠቀጣል፤ እሱ አይንቀሳቀስም። ሁለት ደቂቃ ያህል እንዲሁ ቆይቶ ወደ ቀኝ ሄደ። ፊልሙ ሲያልቅ በሩ አሁንም ይነቃነቅ ነበር።

«እዚህ ግቢ ግራኝ አንድ ሰው ብቻ ነው» አለ ክንፈሚካኤል። «የጫኞቹ አለቃ ተስፋው። ጋቢውንም ይዩት፣ በተቃራኒው ትከሻ ነው የጣለው። በስተቀኝም ያለው የጫኞቹ መጠለያ ነው።»

*

ተስፋው አርባ ዓመት የሞላው፣ አንገቱ እንደ በሬ የወፈረ ሰው ነበር። የጣቢያው ክፍል ጠባብ ናት፤ ሲቀመጥ ጉልበቱ ጠረጴዛውን ነካ።

«ቅዳሜ ጠዋት ከስመኘው ጋር ተጣልታችኋል» አለችው ንግሥቴ።

«ተጨቃጭቀናል።»

«‹እዚያው ውስጥ ተቆልፈህ በቀረህ› ብለኸዋል። አምስት ሰው ሰምቷል።»

ተስፋው ዓይኑን ጨፈነ። «ብያለሁ። ከኋላ የተደረደረውን ጆንያ ሰኞ አትጭኑም አለን። የዕለት እንጀራችንን ሊዘጋ ነው ብየ ተናደድሁ። አፌ ነው፣ እመቤቴ። አፌ እንጂ እጄ አይደለም።»

«ለምን አትጭኑም አለ?»

«አልነገረንም። የዚያ ጆንያ ብናኝ እጃችንን ሲያሳክከን ነበር የሰነበተው፤ እሱን አይቶ መሰለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ክኒኑን አስቀምጠን፣ ሸራውን አልብሰን፣ ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ወጣሁ። ማንኩሳ የአክስቴ ተዝካር ነበር።»

ክንፈሚካኤል ከግድግዳው ተላቀቀ። «ተዝካሩ ላይ የደረስኸው በአሥር ሰዓት ነው። ልብስህ አፈር፣ ከንፈርህ ደም ነበር። ሰው ጠይቆህ ‹አደናቀፈኝ› ብለሃል። ሦስት ሰዓት ሙሉ የት ነበርህ?»

«በእግሬ ሄድሁ።»

«ማን አየህ?»

ተስፋው ግድግዳውን፣ ከዚያ በሩን፣ ከዚያ እንደገና ግድግዳውን አየ። ሲወስዱት በሩ ላይ ዞር ብሎ «እመቤቴ፣ መብራቱን አያጥፉብኝ» አለ።

*

አቶ ዘሩ ቡሬና ፍኖተ ሰላም የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ለደብር ቆርቆሮ የሚያለብሱ ሰው ናቸው። ንግሥቴን ቆመው ተቀበሏት።

«ልጄ፣ እኔም ቤት ልጅ ነው የሞተው» አሏት። «እናቱ አልጣሽ ስታሳድገው ጎረቤቴ ነበረች። ሥራ የሰጠሁትም እኔ ነኝ።»

«ቅዳሜ እርስዎ የት ነበሩ ጋሸ?»

«ፍኖተ ሰላም። ሽምግልና ነበረብን። ከቀትር ጀምሮ እዚያ ነኝ። ባለቤቴና ልጄ ሜላትም ለክርስትና ገጠር ሄደው ነበር። ቤቱ ባዶ ነበር።»

በቢሮው ደጃፍ ሾፌሩ ሃይለ ሚካኤል ቆሞ ነበር። የሜላት ባል፣ የአቶ ዘሩ አማች ነው። ቅዳሜ መኪናዋን አቁሞ ጎማ ይዞ ጎሚስታ ቤት ሄዷል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እዚያ እንደነበረ ጎሚስታው አረጋግጧል።

«የካሜራው ካርድ የት አለ?» አለችው ንግሥቴ።

«ሲሞላ በላዩ ላይ ይቀዳል። የቅዳሜው ፊልም ጠፍቷል። የላክሁት ብቻ ነው የተረፈው።»

ይህን ሲናገር የሚያየው እሷን አልነበረም።

ከውጭው በር ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የለበሰች ሴት አጥሩን ተደግፋ ተቀምጣለች። የስመኘው እናት ወይዘሮ አልጣሽ ናት። ከቀብሩ ማግሥት ጀምሮ ሰው ልቅሶ ሊደርስ እቤቷ ሲመጣ እሷ እዚህ ትመጣለች። ንግሥቴ ጎንበስ ብላ «እማየ፣ ቤት ይግቡ እንጂ» አለቻት።

«ቤት ስገባ ትንፋሽ ያጥረኛል» አለች አልጣሽ።

*

ሐሙስ ዕለት ተስፋው በእስር ቤቱ ወለል ላይ ወደቀ። ጠባቂው ጠርቷት ስትደርስ ሰውነቱ መንዘፍዘፉን ትቶ ነበር። አፉን ስታየው በምላሱ ጠርዝ ላይ ሁለት ቁስል አለ፤ አንዱ ትኩስ፣ አንዱ ሊድን የተቃረበ።

ሲነቃ ሌላውን ሁሉ አስወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ቅዳሜም ወድቀህ ነበር?»

«መንገድ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ጋ» አላት። «ስነሳ ፀሐይዋ ዞራለች። የሚወድቅ ሰው ጆንያ አያሸክሙትም፣ እመቤቴ። ሃያ ዓመት ደብቄው ኖሬያለሁ። በአንድ በኩል ነፍሰ ገዳይ፣ በሌላ በኩል ለማኝ፤ በየት ልውጣ?»

አመነችው። እምነት ግን ማስረጃ አይሆንም። ፊልሙ ላይ ያለው እጅ ግራ ነው፤ አለቃዋም መዝገቡ እስከ ሰኞ ለዐቃቤ ሕግ እንዲደርስ በስልክ ነግረዋታል። ምናልባት ያላየሁት ነገር ካለ ብላ ወደ መጋዘኑ ተመለሰች፤ አይሱዙዋ ቆማበት በነበረው ቦታ ቆማ ፊልሙን በስልኳ ከፈተች።

ሰውየው መጣ። በሩን ገጠመ። ከቀኝ መዝጊያው ላይ፣ ከጉልበት ከፍ ብሎ፣ አዲስ የሚመስል የሚያብረቀርቅ የቆርቆሮ ልጣፍ ይታያል። ቀና ብላ በሩን አየች። ቀኙ መዝጊያ ላይ ምንም የለም። የቆርቆሮው ልጣፍ በግራው ላይ ነው።

መጀመሪያ መዝጊያዎቹን ሰው ያቀያየራቸው መሰላት። ማጠፊያዎቹን ዳሰሰች፤ ዝገቱ ያልተነካ ነው። አንዱን ጫኝ ጠርታ ልጣፉ መቼ እንደተመታ ጠየቀችው።

«የዛሬ ዓመት። ጋሪ ገጭቶት።»

«በዚሁ በኩል?»

«በዚሁ ነዋ። በር ይዞራል እንዴ?»

*

ካሜራውን የገጠመው ናሁሰናይ ፍኖተ ሰላም በዋናው መንገድ ዳር የመኪና ዕቃ ይሸጣል። ንግሥቴ ስትደርስ አንድ ሚኒባስ ጣሪያ ውስጥ ሽቦ እየቀበረ ነበር።

«የሃይለ ሚካኤልን? እኔ ነኝ የሠራሁለት» አላት። እጁን ጠርጎ አንድ አዲስ ስፖኪዮ ከካርቶን አወጣ። «ይህ ከነባሩ ስፖኪዮ ላይ በጎማ ይታሰራል። የኋላው ካሜራ ሽቦ በጣሪያው ውስጥ ሄዶ ከኋላ ይወጣል። ቀዩዋ ሽቦ ወደ ኋላ ስትሄድ ከሚበራው መብራት ጋር ትያያዛለች፤ የኋላ ማርሽ ስታስገቢ የኋላው ብቻ ይሰፋልሻል።»

«የኋላው ምስል ቀኝና ግራው ይገለበጣል?»

«ይገለበጣል እንጂ። ስፖኪዮ አይደል? ሾፌር በመስታወት ማየት የለመደ ነው። በቀኝ ያለው መኪና በቀኝ እንዲታየው ፋብሪካው ራሱ ገልብጦ ነው የሚያወጣው። ሲቀዳም እንዲያው ነው የሚቀዳው። የፊቱ ግን ቀጥ ያለ ነው።»

ንግሥቴ እንደቆመች ፊልሙን በልቧ ገለበጠችው። ጓጉንቸሩን የያዘው ቀኝ እጅ ነው። ጋቢው እንደማንኛውም ሰው ነው የተጣለው። ሰውየውም የሄደው ወደ ጫኞቹ መጠለያ አይደለም፤ ወደ ግራ ነው የሄደው። በግራ በኩል ያለው ቢሮውና የአቶ ዘሩ ቤት ብቻ ነው።

«ሃይለ ሚካኤል ይህን ያውቃል?»

«በገጠምሁለት በሳምንቱ ተመልሶ መጥቷል። ‹ከኋላየ ያለው የመኪና ጽሑፍ በግልባጭ ይነበባል፤ ተበላሽቷል› ብሎ። አስረዳሁት። መገልበጡ ሊጠፋ እንደሚችልም አሳየሁት። ‹ይሁን፣ እለምደዋለሁ› ብሎ ሄደ።»

«በላዩ ላይ ስለቀዳ ፊልሙ ጠፋ ብሎኛል።»

ናሁሰናይ ሳቅ አለ። «ትልቁን ካርድ ነው የሸጥሁለት። የሁለት ቀን አያጠፋም። ደግሞ የፊቱና የኋላው ለየብቻ ነው የሚቀመጠው። አንዱን ሰጥቶሽ ከሆነ ሌላው አለ።»

ከዚያ ስትወጣ በቆሎውን ለግብርና ባለሙያ አሳየች። ባለሙያው አንዱን ፍሬ በጥፍሩ ፍቆ «መድኃኒት የተለወሰ ምርጥ ዘር ነው፤ አጥበውታል። ይህን ሰው ከበላው ይታመማል» አላት።

በሽምግልናው ላይ የነበሩትን መሪጌታ ጌታሁንንም በደብራቸው አገኘቻቸው። አቶ ዘሩ ቅዳሜ ስንት ሰዓት እንደደረሱ ጠየቀቻቸው።

«ልባቸው ከእኛ ቀድሞ ደርሶ ነበር ልጄ» አሉ። «እግራቸው ነው የዘገየው።»

«እስከ ስንት ዘገየ አባ?»

«እኛ ጸሎት አድርሰን፣ ሁለቱን ተካሳሾች ሰምተን ነበር። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ያን ቀን አንድም ቃል ሳይናገሩ የተነሡ እሳቸው ናቸው። ሰው ያስታርቃሉ ብየ ስጠብቅ፣ እርሳቸው ከማን ጋር እንደተጣሉ ሳላውቅ ቀረሁ።»

*

በማግሥቱ ንግሥቴ ሃይለ ሚካኤልን «እስከ ፍኖተ ሰላም አድርሰኝ» ብላ ጋቢናው ውስጥ አጠገቡ ገባች። ከቡሬ እስኪወጡ አልተነጋገሩም። ግራና ቀኙ የታጨደ ማሳ ነው። ከስፖኪዮው መስታወት ላይ መንገዱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ አንድ ሚኒባስ ተጠግቶ ይከተላቸዋል።

«ያ ሚኒባስ ግንባሩ ላይ የተጻፈው ምን ይላል?»

ሃይለ ሚካኤል ቀና ብሎ አየና ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

«አንብበው እንጂ።»

«በግልባጭ ነው» አለ በቀስታ።

«ተስፋው በግራ እጁ ቆለፈ ተብሎ ሲታሰር አጠገብ ነበርህ። ምን አልህ?»

«ምንም።»

«አምስት ቀን ሙሉ ምንም።»

ጥቂት ነዳ። ከዚያ መኪናዋን ከመንገዱ አውጥቶ አቆመና ሞተሩን አጠፋ። ሚኒባሱ ጡሩምባ እየነፋ አለፋቸው።

«ሰኞ ጠዋት ሬሳው ሲወጣ ነው ፊልሙን የከፈትሁት» አለ። «አረማመዳቸውን አወቅሁት። አባየ ናቸው። ያን ጋቢ ሜላት ናት የፈተለችላቸው። ካርዱን ነቅየ ኪሴ ከተትሁት። ሳጅኑ መጣና ፊልም አምጣ አለኝ። የለም ብል ሊፈትሸኝ ነው። የኋላውን ብቻ ላክሁለት። ፊቱ አይታይም፣ ማንም አያውቅም ብየ። ‹ግራኝ ነው› ሲል በረደኝ። ልናገር አፌን ከፈትሁ፤ ከዚያ ሜላትን አሰብሁ። የስምንት ወር እርጉዝ ናት። የምንተኛው እሳቸው ቤት ነው። የምነዳው የእሳቸውን መኪና ነው። ብናገር የት እገባለሁ? ዝም ብልስ፣ ተስፋው ሰርጌ ላይ ድንኳን የተከለልኝ ሰው ነው።»

«ለማን ነገርኸው?»

«ለማንም። ማታ ማታ እሳቸው ራት ሲቆርሱ ፊት ለፊታቸው እቀመጣለሁ። እሳቸው እንደማውቅ ያውቃሉ። አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም። የሚበላውን ያጎርሱኛል፣ እውጣለሁ።»

ንግሥቴ በሩን ከፍታ አልወረደችም፣ አልተቆጣችውምም። «የስመኘው እናት መጋዘኑ ግቢ በር ላይ ትውላለች» አለችው። «በየቀኑ መኪናህን ይዘህ በአጠገቧ ታልፋለህ።»

ሃይለ ሚካኤል ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ሲያለቅስ ድምፅ አልነበረውም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ፤ ከካልሲው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለች ጥፍር የምታክል ካርድ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት።

የፊቱ ካሜራ የቀዳው ፊልም የግቢውን ብቸኛ የውጭ በር ቀኑን ሙሉ ያሳያል። ሰባት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ ሌሎቹ ጫኞች ሁሉ ከወጡ በኋላ፣ ተስፋው ብቻውን ይወጣል። ከዚያ በኋላ ማንም አልገባም። ስምንት ሰዓት ከአምስት ላይ አቶ ዘሩ ኮታቸውን ለብሰው፣ ዣንጥላቸውን ይዘው ወጡ፤ የውጭውንም በር ቆለፉት።

*

አቶ ዘሩ ሁለቱንም ፊልሞች በጣቢያው ውስጥ አዩ። በገዛ በራቸው ላይ ያኖሩት መዳፍ ሲመጣ ፊታቸውን አላዞሩም።

«ምርጥ ዘሩን አጥበን ከእህሉ ጋር ቀላቅለነው ነበር» አሉ። «ሰኞ ሊጫን ነው። ስመኘው ዓርብ ቢሮዬ መጣና ‹ይህን አራግፉት፣ አለዚያ ሰኞ ለግብርና እናገራለሁ› አለኝ። ለምኘዋለሁ። በእናቱ ለምኘዋለሁ።»

«ቅዳሜስ?»

«ሲገባ አየሁት። ለናሙና እየዘገነ ነበር። ላስፈራራው ነው የዘጋሁት። አንድ ሰዓት ቢታሰር ልብ ይገዛል ብየ።»

«ክኒኑ እንደተቀመጠ ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«በሩን ሲመታ ተመልሰው መጡ። ለምን ዘጉ ሳይሆን፣ ለምን አልከፈቱም ነው የምጠይቅዎት ጋሸ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ክንፈሚካኤል መጻፉን አቁሞ ይጠብቃል።

«ልከፍትለት ነበር የተመለስሁት» አሉ በመጨረሻ። «በስሜ እየጠራኝ ነበር። ‹አባባ ዘሩ፣ ለሁሉም እናገራለሁ› አለኝ። ከዚያ ብከፍትለት ወጥቶ ይናገራል፤ ባልከፍትለት... በሩን ያዝሁት። እስኪያቆም ብየ። አላቆመም። ጥየው ሄድሁ። ፍኖተ ሰላም ሰው ላስታርቅ ሄድሁ።»

የተናገሩትን አንብባ አስፈረመቻቸው። ሃይለ ሚካኤል ማስረጃ በመደበቅ ተጠይቆ በዋስ ወጣ፤ ሜላት አባቴን አሳልፎ ከሰጠ ባል ጋር አልኖርም ብላ ወደ እናቷ ዘመዶች ሄደች።

ተስፋው ቅዳሜ ዕለት ተፈታ። ክንፈሚካኤል ይቅርታ ሊጠይቀው ደጅ ድረስ ሸኘው፤ ቃሉ ግን አልወጣለትም። የመውደቁ ነገር መዝገብ ላይ ሰፍሯል፣ ከተማውም ሰምቶታል።

ሰኞ ጠዋት የመጋዘኑ በር ለኤግዚቢትነት እንዲነቀል ታዘዘ። የተመረዘው እህል በግብርና ሰዎች ፊት ተራግፎ አልቋል። ብረት ሠሪው ማጠፊያዎቹን ሲቆርጥ አልጣሽ ከአጥሩ ተነሥታ ቀረበች፤ ማንም አልከለከላትም። ጫኞቹ መዝጊያዎቹን ሊሸከሙ ሲዘጋጁ ተስፋው መጣና አንዱን ጫፍ ያዘ።

«ተው አንተ» አለው አንደኛው ጓደኛው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ብትወድቅስ?»

«ብወድቅ ከኋላየ ሁኑና ያዙኝ» አለ ተስፋው።

ሰዎቹ ተያዩ። ከዚያ ሁለቱ ከኋላው ገቡ፤ መዝጊያውን በትከሻቸው አንሥተው ወደ ፖሊስ መኪናው ወሰዱት። መጋዘኑ አፉን ከፍቶ ቀረ። የጥር ነፋስ ገብቶ የወለሉን ገለባ አነሣው። አልጣሽ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ውስጥ ገባች፤ ልጇ የቆፈረው አፈር አጠገብ ቆመች፤ ረጅም ትንፋሽ ስባ፣ በገባችበት ወጣች።